ነርሶች ከሕሙማን አልጋ ለምን ይርቃሉ?

በየቁምስናችን ነርሶች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለዓመታት ሕሙማንን ካገለገሉ በኋላ ከሆስፒታል ወጥተው በኢንሹራንስ ድርጅት፣ በእርዳታ ድርጅት ቢሮ ወይም በመድኃኒት አስመጪ ዘንድ ይሠራሉ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ፈልገው ነው» ወይም «ፍቅራቸው ቀዝቅዞ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ትምህርት ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን እንመረምራለን። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2023 በዓለም 5.8 ሚሊዮን ነርሶች ይጎድሉ ነበር። ነገ በዚያ አልጋ ላይ የምንተኛው እኛ፣ ወላጆቻችንና ልጆቻችን ስለሆንን ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

1. የነርስ ሥራ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ነርስ ማለት መርፌ የሚወጋና መድኃኒት የሚያድል ሰው ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከሥራው ዋነኛው ሕመምተኛውን በትኩረት መከታተል ነው። ሐኪሙ ጎብኝቶት ሲያልፍ ነርሷ ከአጠገቡ አትርቅም፤ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ፊቱ ሲገረጣ፣ ንግግሩ ሲዘበራረቅ ቀድማ የምታስተውለው እርሷ ናት።

አሜሪካዊቷ የነርሶች መምህርት ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በ5 ደረጃዎች እንደምታልፍና የመጨረሻው ደረጃ በሥራ ልምድ እንደሚገኝ አስረድተዋል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን ያገለገለች ነርስ ስትሄድ አዲስ ተመራቂ በመቅጠር ቁጥሩን መሙላት ይቻላል፤ በልምድ የተገኘውን ማስተዋል ግን በአንድ ቀን መተካት አይቻልም።

2. የሚርቁባቸው ምክንያቶች

ሀ) የሥራ ብዛት። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 አውጥተዋል። አንዲት ነርስ ከምትይዛቸው ሰዎች ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀናት ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ፣ ነርሷ በሥራ የመዛሏ ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ነርሷን የሚያዝለው ሸክምና ሕመምተኛውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ሸክም አንድ ነው።

ለ) የሰውነት ድካም። ሕመምተኛ ማንሣትና ማገላበጥ ወገብን ይጎዳል። የሌሊት ፈረቃም እንቅልፍንና የቤተሰብን ኑሮ ያናጋል።

ሐ) የኅሊና ጭንቀት። ፈላስፋው አንድሩ ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 እንደጻፉት፣ ይህ ጭንቀት የሚደርሰው ሰው ትክክለኛውን ነገር እያወቀ በሚሠራበት ተቋም ሁኔታ ምክንያት መፈጸም ሲሳነው ነው። ለምሳሌ፣ ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጥቂት ተቀመጪልኝ» ይላታል፤ ነገር ግን በሌላው አልጋ ግሉኮስ አልቋል፣ ከማዶ ደግሞ ሕፃን ያለቅሳል። ነርሷ ትታው ትሄዳለች። ወደ ቤቷ ስትገባ የሚከነክናት ሳትፈጽመው የቀረችው ነው። ብዙዎች ሥራቸውን የሚለቁት ፍቅራቸው ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ እንደ ፍቅራቸው መሥራት ስላልቻሉ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መ) የእድገት መንገድ። በብዙ ቦታ የደመወዝና የማዕረግ እድገት የሚገኘው ወደ አስተዳደር፣ ወደ ማስተማር ወይም ወደ ቢሮ በመሻገር ነው። ከሕመምተኛው ጋር የቀረችው ግን ባለችበት ትቆያለች።

3. «ጥሪ ነው» ማለት ይበቃልን?

ነርስነት ጥሪ ነው ብለን እናስተምራለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ጓንት ሲጠፋና ዕረፍት ሲከለከል ይህ ቃል የአቤቱታ አፍ ማስዘጊያ ከሆነ፣ ጥሪውን ማክበራችን ሳይሆን ማቃለላችን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ በኮቪድ ምክንያት 115 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ሞተዋል። በብዙ አገሮች ሕዝብ አጨብጭቦላቸዋል፤ ጭብጨባ ግን የመከላከያ ልብስንና እንቅልፍን አይተካም።

ሥራ የቀየሩትንም እንደ ከዳተኛ አንቁጠራቸው። ክትባት በማቀድ፣ የሕክምናን ጥራት በመቆጣጠርና ተማሪዎችን በማሠልጠን የሚያገለግሉ አሉና።

4. መፍትሔ አለን?

አለ። በአሜሪካ የነርስ እጥረት በበረታበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት 163 ሆስፒታሎችን መርምሮ፣ ነርሶችን በመሳብና በማቆየት የተሳካላቸውን 41 ሆስፒታሎች ለይቷል፤ «ማግኔት» የሚል ስምም ሰጥቷቸዋል። በእነዚህ ሆስፒታሎች ነርሶች በሥራቸው ላይ የመወሰን ድርሻ፣ የሚያዳምጥ አለቃ፣ የመማር ዕድልና የተመቸ የሥራ ሰዓት ነበራቸው። በካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ መሠረት የተደነገገው ቁጥር በ2004 ሥራ ላይ ውሏል፤ ከ2005 ጀምሮ በመደበኛ የተኝቶ ሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ ከ5 በላይ ሕሙማን እንዳትይዝ ተወስኗል። ስለዚህ በአሠራር የመጣው ችግር በአሠራር ሊቃለል ይችላል።

5. የእኛ ድርሻ

በአገራችን ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን የሚያጥበውና የሚመግበው ብዙ ጊዜ አስታማሚ ነው። እኛም ከነርሷ ጋር በአንድ አልጋ አጠገብ እንቆማለን ማለት ነው። በሕሙማን ጥየቃ ጊዜ በተራ እንግባ፤ ነርሷን የሚያነጋግር አንድ ሰው ከቤተሰቡ እንምረጥ፤ የመድኃኒት እጥረትን በእርሷ ላይ ቁጣ አድርገን አናውርድ።

ቁምስናችን ክሊኒክ ካለው፣ አዲስ ክፍል ከመሥራታችን በፊት ሌሊት ስንት ነርሶች ስንት ሕሙማን እንደሚይዙ እንጠይቅ። ካቴኪስቶችም ነርስ ለመሆን ለሚያስቡ ወጣቶች የሙያውን ክብርና ሸክም ሁለቱንም በግልጽ ይንገሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከሕሙማን አገልግሎት ወደ ሌላ ሥራ የተዛወሩ ነርሶች አሉን? ምክንያታቸውን ጠይቀን አዳምጠናልን?
2. «ጥሪ ነው» የሚለውን ቃል ለማበረታታት የምንጠቀምበት መቼ ነው? ለማስጨነቅስ?
3. አስታማሚዎች በሆንን ጊዜ የነርሷን ሸክም ያቀለልነው ወይም ያከበድነው በምን ነበር?