ጎማና ቸርኬ በጉና ኩርባዎች

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የጉናን ተራራ ተጠግተን ስንጓዝ፣ በየኩርባው ወደ ውጭ የምንገፋ ይመስለናል። ተሽከርካሪውን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ግን በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ይህም ኃይል ወደ ቸርኬው የሚደርሰው በጎማው ጎን በኩል ነው።

«205/55 አር 16» በሚል ጎማ ላይ 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የቸርኬው ስፋት አልተጻፈም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ጎማ መለኪያው 6.5 ኢንች (165 ሚሊሜትር ያህል) ሲሆን ከ5.5 እስከ 7.5 ይፈቀዳል።

ቸርኬው ሲጠብ የጎማው ጎን ያብጣል፤ በኩርባ ላይም ይተጣጠፋል፣ መሪውንም ዘግይቶ ይታዘዛል። የእሽቅድምድም ነጂዎች ሰፋ ያለውን ቸርኬ የሚመርጡት ስለዚህ ነው። በስማዳና በእስቴ የገጠር ጠጠር መንገዶች ግን አንከተላቸው፤ ጎኑ የተወጠረ ጎማ ቸርኬውን ለድንጋይ ያጋልጣል፣ ነፋሱ ሲቀንስም ከጠርዙ ሊወጣ ይችላል።