የሰማነውና የደረሰብን፦ ሙስና በዜጎች ዓይን

በየአጥቢያችን ስለ ሙስና ስንወያይ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይቀርባሉ፤ አንደኛው ሰው የሰማውና የሚገምተው፣ ሁለተኛው በራሱ ላይ የደረሰው ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው።

ግምትና ገጠመኝ

ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በሚያወጣው የሙስና መለኪያ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ100 ነጥብ 37 አግኝታለች። ቁጥሩ ግን የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት እንጂ የገበሬውን ወይም የጉሊት ቸርቻሪዋን ቃል አልያዘም። አፍሮባሮሜትር የተባለው ጥናት በአንጻሩ ተራውን ዜጋ ይጠይቃል፤ ከባለሥልጣናት ምን ያህሉ በሙስና የተነካኩ እንደሚመስለው፣ ቀጥሎም መታወቂያ ወይም ሕክምና ለማግኘት እርሱ ራሱ ጉቦ ሰጥቶ እንደሆነ። ሁለቱን ካልለየን «ሁሉም ያው ነው» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይነግሣል፤ ተስፋ የቆረጠም ሰው ሳይጠየቅ ይከፍላል።

ስሙን የለወጠ ጉቦ

ጉቦ በስሙ አይጠራም፤ «የሻይ»፣ «እጅ መንሻ»፣ «ጉዳይ ማስፈጸሚያ» ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂልም ነውሩን ብልሃት አስመስሎታል። ስለዚህ «ጉቦ ሰጥተዋል?» ብለን ብንጠይቅ «አልሰጠሁም» እንባላለን። «ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ያለ ደረሰኝ የከፈሉት አለ?» ብንል ግን እውነቱ ይወጣል።

ሸክሙም እኩል አይደለም። ነጋዴው የከፈለውን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ የይዞታ ማረጋገጫ የምትጠብቅ መበለት ግን ከልጆቿ እህል ትቀንሳለች። መስጠትም በሕግ የሚያስቀጣ በመሆኑ የተበደለችው ራሷ ዝም ትላለች። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን የሚያውቁትም ጥቂቶች ናቸው።

ከአጥቢያችን እንጀምር

ኦሪት ዘጸአት 23፥8 መማለጃ ፍርድን እንደሚያጣምም ያስተምረናል። ይህን የምናስተምር እኛ አስቀድመን የደብራችንን ገቢና ወጪ በጉባኤ ፊት ልናነብ፣ ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ልንቆርጥ ይገባናል። ንጹሕ ሒሳብ በዓይኑ ያየ ምእመን «ሁሉም ያው ነው» አይልም፤ ከሌላውም መሥሪያ ቤት ደረሰኙን ይጠይቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ሰው ሙስና ሲል ምን ማለቱ ነው? የሰማውን ነው ወይስ የደረሰበትን?
2. በየትኛው አገልግሎት ያለ ደረሰኝ ይከፈላል?
3. ምእመናን የሰበካ ጉባኤያችንን ሒሳብ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት መቼ ነው?