በዘፈን ጊዜ ስለ መምራትና ስለ መከተል

ዘፈን ይገባልን ወይስ አይገባምን የሚለውን ክርክር ለሌላ ትምህርት እንተወው። ዛሬ የምንመረምረው ወንድና ሴት ፊት ለፊት በሚቆሙበት ጨዋታ የሚመራው ማን ነው፥ የሚከተለውስ ማን ነው የሚለውን ነገር ነው። ከከተማ የተመለሱ አንዳንድ ተማሪዎች በዳንስ ቤት ያዩትን ይዘው፥ «መምራት የወንድ፥ መከተል የሴት ነው» ይላሉና።

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ በሠርግና በበዓል እስክስታ ሲወርዱ የሚሆነውን እስቲ ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ወንዱ ሴቲቱን አይይዛትም፤ እርስዋም አትደገፈውም። እጅ በወገብ ላይ ይሆናል፥ ወይም ወንዱ ዱላውን ይይዛል፤ ሥራው ሁሉ የትከሻና የአንገት ነው። አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ ሁለተኛው አይቶ ይመልሳል፤ የመለሰውም ጥቂት ጨምሮ ቢመልስ ፊተኛው በተራው ተከታይ ይሆናል። እንግዲህ መሪነቱ በዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ በክንድ ተይዞ አይቀርም። ሁለቱም ደግሞ የዘፈኑን አውራጅና የከበሮውን ምት ይከተላሉ፤ ከበሮ መቺዋም ብዙ ጊዜ ሴት ናት።

የውጭ አገር ዳንስ ግን ሌላ ሥርዓት አለው። በቫልስና በታንጎ ሁለቱ ተያይዘው ስለሚሄዱ፥ ወዴት እንደሚዞሩ አንዱ ካልወሰነ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ በቆየው ልማድ ወንዱ ይመራል። ይህም ለአካሄድ የተሠራ ነው፥ ለሹመት አይደለም። በቦነስ አይረስ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት፥ ታንጎ የሚማሩ ጐልማሶች አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይለማመዱ ነበር፤ ጀማሪውም ሴት ይዞ ከመምራቱ በፊት የተከታይን ስፍራ ይዞ እየተመራ ይማር ነበር። ተመርቶ የማያውቅ ሰው የምትከተለው ሴት በምን እንደምትቸገር ከየት ያውቃል?

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው አንዱ ወገን የመራውን ሌላው ያነሣል፤ ደቀ መዝሙርም ብዙ ዘመን ሳይቀበል መሪ አይሆንም። በልቅሶ ሙሾ አውራጂቱ ሴት ትመራለች፥ ሕዝቡም እየተቀበለ ያለቅሳል። በነሐሴ በቡሄ ወንዶች ልጆች፥ መስከረም 1 ቀን በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች ከመካከላቸው አውራጅ አቁመው ይዞራሉ። በኦሪት ዘጸአት በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮ አንሥታ ስትወጣ ሴቶቹ ሁሉ እርስዋን ተከትለው ወጡ፤ ሙሴ በዚህ ተቈጣ የሚል ቃል ግን በዚያ የለም።

ዳሩ ግን ዋናው ነገር ማን ይመራ የሚለው ሳይሆን፥ የሚመራው ሰው ፈቅዶአልን የሚለው ነው። በጭብጨባው መካከል አንዲቱን ልጅ በክንድዋ ስቦ የሚያወጣ ጐልማሳ አለ፤ እምቢ ብትል ኰራች ትባላለች፥ ብትወጣም ዓይን አውጣ ትባላለች። በሁለቱም የምትታማው እርስዋ ናት፤ የጐተታት ግን ይሳቅለታል። ይህ ከቶ መምራት አይባልም። ተማሪዎች ሆይ፥ ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ በትከሻ ጥሩ፤ ብትመልስ ቅረቡ፥ ፊትዋን ብታዞር ወደ ቦታችሁ ተመለሱ። እርስዋ አስቀድማ ብትጀምር ደግሞ ተቀበሉ፤ የሚያሳፍር አይደለም። ሽማግሌዎችና እናቶችም እምቢ ስላለችው ልጅ «ደክሟት ነው፥ ተዋት» ቢሉላት ሐሜቱ በዚያው ይቀራል።