ችግረኛውን ሰፈር ለይቶ ስለ ማወቅ

60 ተማሪዎች ባሉበት በአንድ ክፍል ውስጥ ለችግረኞች ይታደሉ ተብለው 15 ደብተሮች መጡ እንበል። አስተማሪው «ችግረኛ የሆነ እጁን ያንሣ» ቢል፥ ደፋሩ ያነሣል፤ ይሉኝታ የያዘው ግን ደብተር ባይኖረውም እጁን አያነሣም። የክፍሉ አለቃ ይምረጥ ቢባል፥ ወዳጆቹን ሊያስቀድም ይችላል። ለሁሉ እኩል ይካፈል ቢባል ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሩብ ደብተር ስለ ሆነ ማንንም አይጠቅምም። እንግዲህ ለመርዳት መልካም ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ርዳታው የሚገባው ማን እንደ ሆነ ለይቶ የማወቅ ዘዴም ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ጥያቄ ከአንድ ክፍል አልፎ በአንድ ሰፊ ግዛት ላይ ሲነሣ እንዴት እንደ ተመለሰ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት በአሜሪካ የሚገኘውን የካሊፎርኒያን ግዛት ነው፤ በጢስ፥ በቆሻሻና በመርዝ ይበልጥ የተጎዱትን ሰፈሮች በቁጥር ለይቶ ገንዘብ ለመመደብ በሕግ ደንግጓልና። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ «የአካባቢ ፍትሕ» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፋብሪካ የሚሠራው ዕቃ ለሁሉ ይሸጣል፤ ጢሱ ግን ለሁሉ እኩል አይደርስም። በትልቁ አውራ ጐዳና የሚጓዘው ከየትም የመጣ ሰው ነው፤ መንገዱ የሚያልፈው ግን ብዙ ጊዜ መሬቱ በረከሰበት፥ ነዋሪውም ተከራክሮ ለማስቀረት አቅም ባጣበት ሰፈር ነው። ጥቅሙ የጋራ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ በጥቂቶች ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መጠበቅ የአካባቢ ፍትሕ ይባላል።

ይህ ሐሳብ በአሜሪካ ውስጥ ገንኖ የታወቀው በሰሜን ካሮላይና ግዛት በዋረን አውራጃ በተነሣው ክርክር ነው። በ1978 ፒ.ሲ.ቢ. የተባለ መርዝ ያለበት ዘይት በግዛቲቱ መንገዶች ዳር በሥውር ተደፍቶ ተገኘ። መንግሥትም የተበከለውን አፈር ሰብስቦ የሚቀብርበትን ስፍራ ሲፈልግ፥ ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ጥቁሮችና ድኾች የሆኑበትን የዋረንን አውራጃ መረጠ። በ1982 አፈሩን የጫኑት መኪናዎች ሲመጡ ሕዝቡ መንገድ ላይ እየተኛ ተቃወመ፤ ከ500 የሚበልጡ ሰዎችም ተያዙ። አፈሩ ግን እዚያው ተቀበረ። ይሁን እንጂ ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም፤ ጥናትን ወለደ። በ1983 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በደቡብ ምሥራቁ ክፍል ያሉትን 4 የአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያዎች መርምሮ፥ ከ4ቱ በ3ቱ አጠገብ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው ጥቁር መሆኑን ገለጸ። በ1987ም አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ያስጠናው ጥናት ይኸው ነገር በመላ አገሪቱ እንደሚታይ አስረዳ።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። ይህች ግዛት በ2006 አየርን የሚያሞቁትን ጋዞች ለመቀነስ ሕግ አወጣች። በዚህም መሠረት ትልልቆቹ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች ለሚያወጡት ጋዝ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ሆነባቸው፤ ከፈቃዱም ከፊሉ ከ2012 ጀምሮ በጨረታ ስለ ተሸጠ ለመንግሥት ብዙ ገንዘብ ይገባ ጀመር። በዚያው ዓመት የጸደቀው ቍጥር 535 የተባለው ሕግ ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 25 በመቶው የተጎዱትን ማኅበረሰቦች ለሚጠቅም ሥራ፥ ቢያንስ 10 በመቶውም በሰፈሮቻቸው ውስጥ ለሚሠራ ሥራ እንዲውል አዘዘ። በ2016 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ 25 በመቶው በሙሉ በእነዚሁ ሰፈሮች ውስጥ እንዲሠራበት ተደረገ። በገንዘቡም የአውቶቡስ አገልግሎት ተስፋፋ፤ ዛፍ ተተከለ፤ ኪራያቸው የማይከብድ ቤቶች ተሠሩ።

ነገር ግን «ለተጎዱት ስጡ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ የተጎዱት እነማን ናቸው? የአካባቢን የጤና አደጋ የሚመረምረው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ለዚህ መልስ የሚሆን «ካልኤንቫይሮስክሪን» የተባለ መለኪያ በ2013 አወጣ። በ2021 የወጣው 4ኛው እትም አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ግዛቲቱ ለሕዝብ ቈጠራ ሲባል 8,000 ያህል በሆኑ ትንንሽ ቀበሌዎች ተከፍላለች፤ በእያንዳንዱም ጥቂት ሺሕ ሰዎች ይኖራሉ። መለኪያው የሚመለከተው እነዚህን ቀበሌዎች አንድ በአንድ ነው።

ሁለተኛ፥ ለእያንዳንዱ ቀበሌ 21 ነገሮች ይለካሉ። ከእነዚህ 13ቱ የብክለት ናቸው፤ ይኸውም በአየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ፥ የናፍጣ ጢስ፥ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለው ብክለት፥ በእርሻ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒት፥ የአደገኛ ቆሻሻ ስፍራና የመሳሰለው ነው። የቀሩት 8ቱ የሕዝቡን ሁኔታ የሚያሳዩ ናቸው፤ እነዚህም አስም፥ የልብ በሽታ፥ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናት፥ ድኽነት፥ ሥራ ማጣት፥ የትምህርት ማነስ፥ የቤት ኪራይ ጫናና የአገሩን ቋንቋ አለማወቅ ናቸው።

ሦስተኛ፥ እነዚህ ነገሮች የሚለኩበት መስፈሪያ የተለያየ ስለ ሆነ እንዲሁ ሊደመሩ አይችሉም፤ ብናኝን ከሥራ ማጣት ጋር መደመር ኪሎን ከሜትር ጋር እንደ መደመር ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ ደረጃ ይለወጣል። 100 ተማሪዎች በቁመት ቢሰለፉ፥ ከ90ዎቹ የሚረዝመው ደረጃው 90 ነው እንደማለት ነው። እንደዚሁም ናፍጣው ከመቶ 90 ከሚሆኑት ቀበሌዎች የሚበልጥበት ቀበሌ በናፍጣ ጢስ 90ኛውን ደረጃ ያገኛል።

አራተኛ፥ የብክለቱ ደረጃዎች አማካይ ተወስዶ ከ10 ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ እንደ አየርና እንደ መጠጥ ውሃ በቀጥታ ወደ ሰው የሚደርሰው ሙሉ ሆኖ፥ በአካባቢው ያለው የቆሻሻ ስፍራና የመሰለው ግን በግማሽ ይታሰባል። የሕዝቡም ሁኔታ ለብቻው ከ10 ነጥብ ይሰጠዋል። በመጨረሻም ሁለቱ ነጥቦች ይባዛሉ፤ ከፍተኛውም ውጤት 100 ይሆናል።

ለምን አልተደመሩም? ምክንያቱ በሚቀጥለው ምሳሌ ግልጽ ይሆናል። «ሀ» በተባለ ቀበሌ ብክለቱ 9፥ የሕዝቡ ችግር 2 ነው እንበል፤ «ለ» በተባለው ደግሞ ብክለቱ 5፥ የሕዝቡ ችግር 5 ነው። ብንደምራቸው «ሀ» 11፥ «ለ» 10 ስለሚሆን የሚቀድመው «ሀ» ነው። ብናባዛቸው ግን «ሀ» 18፥ «ለ» 25 ስለሚሆን የሚቀድመው «ለ» ነው። መሥሪያ ቤቱ ማባዛትን የመረጠበት ምክንያት አንድ ዓይነት ጢስ ጤነኛ ጐልማሳና አስም ያለበት ሕፃን ቢተነፍሱት ጉዳቱ እኩል ስላልሆነ ነው። ድኽነትና በሽታ የብክለትን ጉዳት ያበዙታል እንጂ ከጎኑ ቆመው አይቈጠሩም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር እናስተውል። ሒሳቡ በሁለቱም መንገድ ትክክል ነው፤ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በመደመርና በማባዛት ምልክት መካከል ባለው ልዩነት ብቻ ገንዘቡ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይሄዳል። እንግዲህ ቍጥር ራሱ አይፈርድም፤ ፍርዱ ያለው ቍጥሩን በሚያሰናዳው ሰው ዘንድ ነው።

በዚህ ስሌት ከሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት 25 በመቶዎቹ ቀበሌዎች «የተጎዱ ማኅበረሰቦች» ተብለው ተሰየሙ። ከእነርሱም መካከል የፍሬዝኖ ከተማ ምዕራባዊ ክፍልና ብዙ የሎስ አንጀለስ ሰፈሮች ይገኛሉ። ነገር ግን ደረጃው 75 የሆነውና 74 የሆነው ቀበሌ ጢሳቸው እምብዛም አይለያይም፤ አንዱ ከመሥመሩ በላይ፥ ሌላው ከመሥመሩ በታች ሆኖ ይቀራል።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። በ2021 ፕሬዚደንት ባይደን ከተወሰኑ የፌዴራል መንግሥት ወጪዎች ከሚገኘው ጥቅም 40 በመቶው ለተጎዱ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ አዘዙ። በ2022 የወጣው የፌዴራሉ መለኪያ ነጥብ አያባዛም ነበር፤ በዋናው ደንቡ አንድ ቀበሌ የሚመረጠው ቢያንስ በአንድ ዓይነት መከራ 90ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስና በገቢ ማነስም 65ኛው ላይ ሲደርስ ነው። ይህ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በ8 ዓይነት መከራ 85ኛ የሆነው ቀበሌ ሲቀር፥ በአንድ ብቻ 91 የሆነው ሊገባ ይችላል። የፕሬዚደንቱም ትእዛዝ በጃንዋሪ 2025 በተተኪው በፕሬዚደንት ትራምፕ ተሻረ። የካሊፎርኒያው ግን በግዛቲቱ ምክር ቤት የወጣ ሕግ ስለ ነበር በዚያ ትእዛዝ አልተነካም።

የካሊፎርኒያው መለኪያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍጹም አልነበረም። የ2013ቱ እትም የለካው በፖስታ ቍጥር ክልል ነበር፤ ክልሉ ሰፊ ስለ ሆነ በባለጸጎች መካከል ያለ የድኾች ሰፈር ተሸፍኖ ይቀር ነበርና፥ በ2014 ወደ ትንንሾቹ የቈጠራ ቀበሌዎች ተለወጠ። በ2017 የቤት ኪራይ ጫና ተጨመረ፤ ደመወዝ ደኅና መስሎ ሳለ ኪራይ የሚጨርሰው ብዙ ነውና። በ2021 ሕፃናትን ከአሮጌ ቤት ቀለም የሚያገኛቸው የእርሳስ መርዝ ተጨመረ። በ2022 ደግሞ በ2017 ተመርጠው የነበሩት ቀበሌዎች በአዲሱ ስሌት ዝቅ ቢሉም ከዝርዝሩ እንዳይወጡ ተወሰነ። እነዚህ ለውጦች የመጡት ዝርዝሩና ስሌቱ ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት ስለሚሰጥበት ነው።

ሆኖም ያልታረመ ጉድለት አለ። በ4ኛው እትም አስም የተለካው በዚህ በሽታ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል በሄዱት ሰዎች ቍጥር ነው። ታዲያ የሕክምና ዋስትና የሌለው፥ ወይም የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው መሥሪያ ቤት የሚፈራው ስደተኛ የእርሻ ሠራተኛ ሌሊቱን በቤቱ ሲያስል ቢያድር ማን ይቈጥረዋል? አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ ሰው ግን በሽታውን የደበቀው ወዶ አይደለም። ሳል በሌለበት ሰፈርና ሳሉ ባልተመዘገበበት ሰፈር መካከል ያለውን ልዩነት ሰንጠረዡ ብቻውን ሊያሳየን አይችልም።

ይህን ሁሉ ያልሁት መለካት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ያለ መለኪያ ቢሆን ገንዘቡ ወደ ጮኸውና ወደ ዘመድ ያለው ይሄድ ነበር። ቍጥር ቢሳሳት ስሕተቱ ይታያል፤ አድልዎ ግን ተደብቆ ይኖራል። ስለዚህ መለኪያው ይኑር፤ ነገር ግን የሚለካበት መንገድ የተገለጠ፥ ሊታረምም የሚችል ይሁን፤ የሚያርመውም በቢሮ የተቀመጠው ሊቅ ብቻ ሳይሆን በጢሱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ጭምር ይሁን እላለሁ።

ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ቆሻሻውን ያወጣው የከተማው ሰው ሁሉ ነበር፤ የተናደው ግን ከሥሩ ጐጆ ሠርተው በሚኖሩት ላይ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሰው ሁሉ መብት መሆኑን ደንግጓል። መብቱ ለሁሉ ከሆነ፥ በመጀመሪያ ማን እንደ ጎደለበት መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በክፍል የምንማረውን አማካይና መቶኛ ለፈተና ብቻ አናድርገው። በየሰፈራችን ከወንዙ ዳር ስንት ቤት እንዳለ፥ ቆሻሻ ከሚደፋበት ስፍራ እስከ መኖሪያ ቤት ስንት እርምጃ እንደ ሆነ፥ ከጎረቤቶቻችን ልጆች ስንቱ እንደሚያስሉ ቆጥረን መመዝገብ እንችላለን። ደብተሮቹ በሚታደሉበት ቀን ስሙ ያልተጻፈው ልጅ ብዙ ጊዜ ችግር የሌለበት አይደለም፤ ቀርቦ የጠየቀው ሰው ያላገኘ ነው።