የፏፏቴዎች አገር አይስላንድ እና ፏፏቴዋን አልሰጥም ያለችው ሲግሪዱር

በዚህ ሳምንት የጂኦግራፊ ትምህርታችን ወደ አንዲት የደሴት አገር ይወስደናል። ስሟ አይስላንድ ይባላል፤ ትርጉሙም «የበረዶ ምድር» ማለት ነው። ውድ ወላጆች፣ ጽሑፉን ከልጆቻችሁ ጋር እየተቀባበላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በመጨረሻ አዳዲስ ቃላትና ጥያቄዎች አሉ።

አይስላንድ የት ናት?

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ በግሪንላንድና በኖርዌይ መካከል ትገኛለች። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢትዮጵያ ከእሷ አሥር ጊዜ በላይ ትሰፋለች። የሕዝቧ ቁጥር 400,000 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ዋና ከተማዋ ሬይካቪክ ትባላለች።

ይህች ሩቅ አገር ከኢትዮጵያ ጋር የምትመሳሰልበት ነገር አለ። የምድር ቅርፊት እንደተሰነጠቀ ሸክላ በብዙ ቁራጭ የተከፋፈለ ነው። አይስላንድ ያለችው ሁለት ትልልቅ ቁራጮች ቀስ እያሉ በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። የእኛም ስምጥ ሸለቆ እንዲሁ መሬት የሚለያይበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው በሁለቱም አገሮች እሳተ ገሞራና ፍል ውሃ ያለው።

ፏፏቴ ለምን በዛላት?

አንደኛ፣ ውሃ አላት። ዝናብና በረዶ በብዛት ይወርድባታል። ከመሬቷም አንድ አሥረኛ ያህሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። በበጋ ግግሩ ሲቀልጥ ወንዞቹ ይሞላሉ።

ሁለተኛ፣ አለቷ ድርብርብ ነው። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ንብርብር ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ አፈርና አመድ ይኖራል። ድፎ ዳቦን አስቡት፤ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ውሃው ለስላሳውን ከሥር እየቦረቦረ ሲወስደው፣ ላይኛው ድንጋይ መደገፊያ ያጣና ይወድቃል። እንዲህ እያለ ቀጥ ያለ ገደል ይፈጠራል፤ ወንዙም ከዚያ ይወረወራል።

ሦስተኛ፣ በደቡብ በኩል ድሮ የባሕር ዳርቻ የነበሩ ገደሎች አሉ። ባሕሩ ሸሽቶ ገደሉ ቀረ። ከተራራ የሚመጡት ወንዞች ዛሬ ከእነዚህ ገደሎች ላይ ይወርዳሉ።

እስቲ አንዳንዶቹን እንያቸው

በአይስላንድ ቋንቋ «ፎስ» ማለት ፏፏቴ ነው። ስለዚህ ስሞቹ ሁሉ በ«ፎስ» ሲያልቁ አትገረሙ።

ስኮጋፎስ፦ ቁመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 25 ሜትር ያህል ነው። ከድሮው የባሕር ገደል ላይ ይወርዳል። ዛሬ ባሕሩ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆታል። ፀሐይ ስትወጣ ከፊቱ ቀስተ ደመና ይታያል። በአፈ ታሪክ አንድ የጥንት ሰው ወርቅ የሞላበት ሣጥን ከውሃው ጀርባ ደብቋል ይባላል።

ሴልያላንድስፎስ፦ ይህም 60 ሜትር ያህል ነው። ከውሃው ጀርባ የእግር መንገድ ስላለ ዙሪያውን መሄድ ይቻላል፤ እርግጥ ልብስ ይበሰብሳል! ውሃው የሚመጣው ኤያፍያላዮኩል ከሚባለው የበረዶ ተራራ ነው። ይህ ተራራ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን የአውሮፕላን በረራ ለብዙ ቀናት አስቁሞ ነበር። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ያስታውሱታል።

ስቫርቲፎስ፦ «ጥቁር ፏፏቴ» ማለት ነው። ግራና ቀኙ በሰው እጅ የተጠረበ የሚመስል፣ እንደ እርሳስ የተደረደረ ጥቁር የድንጋይ ዓምድ ነው። ነገር ግን ማንም አልጠረበውም፤ ቅልጡ ድንጋይ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ እንዲህ ሆነ።

ጎዳፎስ፦ «የአማልክት ፏፏቴ» ማለት ነው። ቁመቱ 12 ሜትር ብቻ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት አገሪቱ ክርስትናን ስትቀበል፣ አንድ አለቃ የጣዖት ምስሎቹን ወደዚህ ውሃ ወረወረ ተብሎ ይተረካል።

ዴቲፎስ፦ በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። 100 ሜትር ሰፍቶ 44 ሜትር ይወርዳል፤ በአውሮፓ ኃይለኛ ከሚባሉት ፏፏቴዎች አንዱ ነው። ውሃው ግራጫ ነው፤ የበረዶ ግግሩ የፈጨውን ደቃቅ ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

የጉልፎስ ታሪክ

ጉልፎስ «የወርቅ ፏፏቴ» ማለት ነው። በሁለት ደረጃ፣ መጀመሪያ 11 ሜትር፣ ከዚያ 21 ሜትር ይወርዳል። በበጋ በአማካይ በሰከንድ 140 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፍበታል። በእኛ ሒሳብ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 7,000 ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ሰከንድ!

ከ1900 በኋላ ባሉት ዓመታት የውጭ አገር ባለሀብቶች ፏፏቴውን ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ፈለጉት፤ የኪራይ ውልም ተፈረመ። በአጠገቡ ባለ እርሻ የምትኖር ሲግሪዱር ቶማስዶቲር የምትባል የገበሬ ልጅ ግን አልቀበልም አለች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ለመሟገት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሬይካቪክ በተደጋጋሚ ተጓዘች። ግድቡ ከተጀመረ ራሴን ወደ ፏፏቴው እጥላለሁ እስከማለት ደርሳ ነበር ይባላል። ጠበቃዋ ስቬይን ብዮርንሶን ሲሆን፣ ይህ ሰው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የአይስላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኗል።

ሲግሪዱር በፍርድ ቤት አልረታችም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1929 የኪራዩ ገንዘብ ስላልተከፈለ ውሉ ፈረሰ። ፏፏቴው ሳይነካ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆነ። ዛሬ የእሷ መታሰቢያ ከፏፏቴው አጠገብ ቆሟል።

ስሟን ልብ በሉ። «ቶማስዶቲር» ማለት «የቶማስ ልጅ» ነው። የአይስላንድ ሰዎች እንደ እኛ የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው በአብዛኛው የአባት ስም ነው። ፕሬዚዳንቶቻቸውን እንኳ በስማቸው ይጠሯቸዋል። እዚህ አገር «የቤተሰብ ስምሽ ከአባትሽ ለምን ተለየ?» የምትባሉ ልጆች፣ አይስላንዳውያንም ይህን ጥያቄ ያውቁታል በሉ።

ሒሳቡስ እንዴት ነው?

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መዝገብ ላይ ገቢና ወጪ እንጽፋለን። ከፏፏቴ የሚገኝ ኤሌክትሪክ በገቢ በኩል ለመጻፍ ቀላል ነው። ውበቱ፣ ወፉ፣ በጉሙ የሚለመልመው ሣር ግን በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

ኤሌክትሪክ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መብራት ይፈልጋሉ። አይስላንድም ኤሌክትሪኳን ሁሉ ማለት ይቻላል የምታገኘው ከወንዞቿና ከመሬት ውስጥ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በምሥራቅ በኩል ለአሉሚኒየም ፋብሪካ የተሠራ ትልቅ የውሃ ኃይል ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ፣ በተጠለፉት ወንዞች ላይ ያሉ ፏፏቴዎች ውሃቸው ተቀነሰ። ብዙ ሰዎችም ተቃውመውት ነበር።

የእኛም ጢስ ዓባይ ይህ ጥያቄ ደርሶበታል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ፏፏቴ ስሙን ያገኘው እንደ ጢስ ከሚነሣው ጉሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሌላ ተለቅ ያለ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ተሠራለት። ውሃው ወደ ጣቢያ ሲጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ጢሱም ይቀንሳል። ወላጆች፣ ጢስ ዓባይን ያያችሁ ካላችሁ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ወር እንዳያችሁት፣ ምን ያህል ይሞላ እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሲግሪዱር ጥያቄ የሩቅ አገር ተረት አለመሆኑን የሚረዱት ያን ጊዜ ነው።

አዳዲስ ቃላት

ፏፏቴ፦ ከገደል ላይ የሚወረወር የወንዝ ውሃ
የበረዶ ግግር፦ ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ የጠጠረ ትልቅ በረዶ
ቦረቦረ፦ ከውስጥ ወይም ከሥር እየፈለፈለ ባዶ አደረገ
ጠለፈ፦ የወንዝን ውሃ ወደ ሌላ መንገድ መለሰ
ውል፦ ሁለት ወገኖች የሚፈርሙት ስምምነት

ጥያቄዎች

1. በአይስላንድ ፏፏቴ የበዛባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጻፉ።
2. በጉልፎስ በአንድ ደቂቃ ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያልፋል?
3. ከቤተሰቦቻችሁ ጋር ተወያዩና በአምስት መስመር ጻፉ፦ እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ለጉልፎስ ምን ትፈርዱ ነበር? ለምን?

መልሳችሁን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ በክፍል እናነበዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!