የገበሬ ብድር መክፈያው ወር መቼ ይሁን?

ለማስተማር ልምምድ ገጠር በወጣን ጊዜ፣ እኛ ሦስት ዕጩ መምህራን ያረፍንበት ቤት አባወራ አንድ ማታ የብድር ውላቸውን አምጥተው «እስቲ ልጆቼ፣ አንብቡልኝ» አሉን። ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ለማዳበሪያና ለአንድ በሬ መግዣ ተበድረዋል። መክፈያው ግንቦት መስሏቸው ኖሯል፤ ውሉ ግን ጥር ይላል። ዝም አሉ። እኛም ያን ሌሊት በዚሁ ስንከራከር አመሸን።

ገበሬ ለምን ከማኅበር ይበደራል? በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ገበሬው «መሬቴን ሸጬ እከፍላለሁ» ሊል አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን በመያዣነት ማስመዝገብ ፈቅዷል። ደግ ነው፤ ነገር ግን በሬ ይሞታል። ማኅበሩ የሚይዘው የአባሉን ቁጠባና የጎረቤቱን ዋስትና ነው።

ይህን መንገድ ከጠረጉት አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን ነበር። የገጠር ከንቲባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 ፍላመርስፌልድ ላይ ማኅበር አቋቁሞ ለድሀ ገበሬዎች ከብት እየተገዛ ዋጋው ቀስ በቀስ እንዲከፈል አደረገ። ያ ግን የቆመው በባለሀብቶች በጎ ፈቃድ ላይ ነበር፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1864 በሄደስዶርፍ በተቋቋመው ማኅበር ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባል ሆኑ፤ ለዕዳውም ባላቸው ንብረት ሁሉ በጋራ ተጠያቂ ሆኑ።

ወደ ጥርና ግንቦት እንመለስ። ለምሳሌ ያህል 24,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ፣ በግንቦት ተበደሩ እንበል። በጥር፣ በ8 ወር፣ ወለዱ 2,400፣ ጠቅላላው 26,400 ብር ይሆናል። ጥር ላይ ሰው ሁሉ ስለሚሸጥ የጤፍ ዋጋ ይወርዳል፤ ኩንታሉ 8,800 ብር ቢሆን 3 ኩንታል ይሸጣል። እስከ ግንቦት ቢቆይ ወለዱ 3,600፣ ጠቅላላው 27,600 ይሆናል፤ ኩንታሉ 11,500 ከገባ የሚሸጠው 2 ኩንታል ከ40 ኪሎ ብቻ ነው። ወለድ ጨምሮም 60 ኪሎ ጤፍ ጎተራ ውስጥ ይቀራል! ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው መቆየቱ አያስፈራም፤ በቆሎ ቢሆን ኖሮ ሒሳባችን ባልሠራ ነበር። ዋጋው ባይጨምርስ? ያም አለ።

ከመካከላችን አንዱ ግን አልተስማማም። «ሁሉም ግንቦት ከከፈለ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ማዳበሪያ ከምን ያበድራል? የተበደሩት እኮ የሌላውን ጎረቤት ቁጠባ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ አፋችንን አስያዘን። እየቆየን ስናስብ ግን ግማሹ በጥር፣ ግማሹ በሚያዝያ ቢከፈል ለሁለቱም የሚሻል መሰለን።

ጠዋት ይህንኑ ለአባወራው ስንነግራቸው «ታዲያ ማን ይለውጠዋል?» አሉ። ጠቅላላ ጉባኤው ነዋ! በእንዲህ ያለው ማኅበር ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። እሳቸው ግን ጉባኤ ላይ ተናግረው አያውቁም ኖሯል። ሒሳቡን በወረቀት ጻፍንላቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ስድስተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው እየደጋገመች በቃል አስጠናቻቸው። ከጉባኤው በፊት ልምምዳችን አልቆ ተመለስን።