ልጁ ምን ዋጠ? መቼ ዋጠ?



ሕፃን ልጅ ዓለምን የሚያውቀው በዓይኑና በእጁ ብቻ አይደለም፤ በአፉም ነው። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አንሥቶ ይጎርሳል። ሳንቲም፣ አዝራር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሽምብራ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። በተለይ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህ ይበዛል። ለሐኪም ግን ሁሉም አንድ አይደለም። አንዱ ዕቃ በሰላም ይወጣል፤ ሌላው ልጁን ይገድላል። የዛሬው ትምህርታችን ልጅ ባዕድ ነገር መዋጡ እንዴት እንደሚታወቅ ነው።

1. ሁለቱ ቧንቧዎች

በአንገታችን ውስጥ ሁለት ቧንቧዎች አሉ። አንደኛው የአየር ቧንቧ ነው፤ ወደ ሳንባ ይወስዳል። ሁለተኛው የምግብ ቧንቧ ነው፤ ወደ ጨጓራ ይወስዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዕቃው በየትኛው ገባ? የሚል ነው።

በአየር ቧንቧ ከገባ ልጁን በድንገት ትን ይለዋል፤ ያስለዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። በምግብ ቧንቧ ከተሰነቀረ ግን ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ምግብ እምቢ ይላል፤ ያስመልሰዋል፤ ሲውጥ ያመዋል።

ተጠንቀቁ! አንዳንዱ ልጅ ምንም ምልክት አያሳይም። ሳሉ ጋብ አለ ማለትም ዕቃው ወጣ ማለት አይደለም። ሽምብራ ወይም ባቄላ ሳንባ ውስጥ ሲቀመጥ እርጥበት እየሳበ ያብጣል። ልጁ ለሳምንታት ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል። ይኼን ጊዜ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና እንጥሉ ይቆረጣል። እንጥል መቁረጥ ሽምብራን ከሳንባ አያወጣም። ይልቁንም ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል።

ከምንጭ ወይም ከወንዝ የጠጣ ልጅ ደም ቢተፋና ድምፁ ቢሰልል ደግሞ አልቅት ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። የጠጣበትን ውሃ ለጤና ባለሙያው ንገሩ።

2. ራጅ የሚያየውና የማያየው

ብዙ ሰው ራጅ ሁሉን ያያል ይላል። አያይም። የራጅ ጨረር ሥጋን አልፎ ይሄዳል፤ ብረት ግን ይጋርደዋል። ስለዚህ ሳንቲም፣ ሚስማርና ባትሪ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሽምብራ፣ እንጨትና ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታዩም። ታዲያ ራጁ ምንም ባያሳይ ሐኪሙ በምን ያውቃል? በእናንተ ቃል ነው። «ሽምብራ ሲበላ ትን ብሎት ነበር» ካላችሁት፣ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ የአየር ቧንቧውን አይቶ ያወጣዋል።

ሳንቲምና ክብ ባትሪም በራጅ ይመሳሰላሉ። ሆኖም ባትሪ በጠርዙ ዙሪያ ሁለት ክብ መስመር ያሳያል። ሐኪሙ «ባትሪ ነው» ተብሎ ከተነገረው ይህን ፈጥኖ ይፈልጋል።

ቼቫሊየር ጃክሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ተወልዶ በ1958 ሞተ። ከሰው ጉሮሮና ሳንባ የወጡ ከ2,000 በላይ ዕቃዎችን ከነታሪካቸው አሰባስቧል። ዕቃዎቹ ዛሬም በፊላዴልፊያ ከተማ፣ በሙተር ሙዚየም ይታያሉ። ሐኪም እንኳ እንዲህ ጽፎ ከያዘ፣ እኛስ ለምን አንጽፍም?

3. ጊዜ የማይሰጠው ዕቃ

ሳንቲም ጨጓራ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ምግብ ቧንቧ ላይ ከተሰነቀረ ግን ሐኪም ማውጣት አለበት።

በሰዓት፣ በሪሞትና በልጆች መጫወቻ ውስጥ ያለው ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ግን ሌላ ነው። ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፤ ሥጋውም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ ነገር ይቃጠላል። ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ይህ ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። «ባትሪው ያለቀ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። ሰዓት ማንቀሳቀስ ያቃተው ባትሪ ጉሮሮ ማቃጠል አያቅተውም።

ስለዚህ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው ገሥግሡ። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት። ከ6 ጊዜ አትለፉ። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ አያድንም። ማር ፍለጋ ብላችሁም አትዘግዩ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

4. የማይደረግና የሚደረግ

ዕቃውን ለመግፋት ደረቅ እንጀራ ወይም ሙዝ አታጉርሱ። ጣት ከታችሁ አታስመልሱ። የማይታይን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ወደ ውስጥ ይገፋልና።

ልጁ ከታፈነና ማልቀስም መሳልም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ፣ ከ1 ዓመት በላይ የሆነውን ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሆዱ አይነካም፤ የደረቱን መሐል 5 ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።

ልጁን አትቆጡት። ዱላ የፈራ ልጅ «አልዋጥኩም» ይላል። የዋጠውን የሚመስል ሌላ ዕቃ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም በወረቀት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ልጁ 3 ዓመቱ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ክብ ባትሪ ዋጠ። ለሃጩ ይዝረከረካል። ማር 2 ጊዜ ሰጥተነዋል።»

ይህቺ አጭር ጽሑፍ ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ናት። አባት ተደናግጦ ቢረሳ፣ እናት አልቅሳ መናገር ቢያቅታት፣ ወረቀቱ ይናገራል። ፊደል መቁጠር ለዚህም ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሽምብራ በራጅ የማይታየው ለምንድን ነው?
2. ባትሪ ከሳንቲም ይልቅ የሚያስፈራው ለምንድን ነው?
3. አንድ ልጅ ዛሬ ጧት በ2 ሰዓት አዝራር ዋጠ እንበል። ለሐኪም የምትሰጡትን ወረቀት በደብተራችሁ ጻፉ።

ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።